ጋሼ ሰይድን የዘለለው ፖሊሲ

ይሉኝታ የማይገባበት ቤት የለም። ጠግበን ያስጎርሰናል፤ እያመመን «ደህና ነኝ» ያሰኘናል። ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል ብሎ ግን ማን ጠረጠረ? እኔው በእጄ አስገባሁት።

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለአገራችን ሰው ወረቀት የሚተረጉም ቢሮ ነበረን፤ አሌክሳንድሪያ ደግሞ ቅርንጫፍ። እኔ የሁለቱም የኮምፒውተር አድሚኒስትሬተር ነበርኩ። ማዕረጉ ጠቅላይ ገዥ ያስመስላል እንጂ አብዛኛው ሥራዬ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት መጎተት ነው። አንድ ቀን ግን ሥልጣኔን ላሳይ ተነሳሁ። ማንኛውም ኮምፒውተር የያዘውን ሁሉ በየሌሊቱ ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ይገልብጥ የሚል አንድ የባክአፕ ፖሊሲ ጻፍኩና፣ ከወንበሬ ሳልነሳ በሁሉም ላይ አወጅኩ። በየሠራተኛው ስም ፊት ምልክት ማድረግ ብቻ እኮ ነው። ጋሼ ሰይድ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ጋሼ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው፤ የቀድሞ አስተማሪ፣ የአባቴ እኩያ፣ ለእኔ ቢጤው እንኳ ብድግ ብለው ሰላም የሚሉ ተርጓሚያችን። ከሥራ በኋላ በዚያው በቢሮ ኮምፒውተራቸው የወሎ ሴቶችን የሠርግ ዘፈን ይሰበስቡ ነበር። የስልክ ካርድ እየፋቁ ባቲና ሐይቅ ይደውላሉ፤ አሮጊቶቹ ይዘፍኑላቸዋል፤ እሳቸው እዚያው ይጽፋሉ፤ ሌላ ቅጂ የለም። ከዘፈኑላቸው ሴቶች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ታዲያ ፖሊሲው ሲጫን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ ፓስወርድም ይጠይቃል። ጋሼ ሰይድን «ይነሱልኝ፣ ፓስወርድዎን ይንገሩኝ» ልበል? አሳዳጊ የበደለው ልባል? ምልክቱን አነሳሁላቸውና ሲመቻቸው እጠይቃለሁ አልኩ። ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር መርቀው ይመልሱኛል። በምርቃት መሀል ደግሞ ስለ ፓስወርድ አይወራም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኮምፒውተር ሞኝም ወረቀትም አይደለም፤ አንድ ማክሰኞ የጋሼ ሰይድ ኮምፒውተር የያዘውን ለቀቀ። አሌክሳንድሪያ ሳለሁ ከቢሮ ኮል አደረጉልኝ። ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ በመኪና ተዘግቶ፣ መኪናዬ ውስጥ በላብ ተጠመቅኩ። ስደርስ ዲስኩ እንደ ወፍጮ ይንቋቋል። ከተበላሸ ዲስክ ፋይል የሚያወጣ ሰው ዘንድ፣ ሮክቪል ድረስ ይዤው ሄድኩ፤ አገላብጦ አየና ተስፋ የለውም አለኝ።

እንግዲህ የቀረኝ ለጋሼ ሰይድ መናገር ነው። የሁሉም ሰው ፋይል ተቀምጧል፤ የጸሐፊያችን የሰብለ ልጅ የልደት ፎቶ ሳይቀር አለ። የእርስዎ ግን የለም፣ ስለማከብርዎት አልነካሁትም አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ጆሮ ቀፈፈው። አፍሬ አላውቅም እንዲህ። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ጫማቸውን ሳይ ቆየሁ።

ጋሼ ሰይድ ባዶውን ስክሪን እያዩ ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ። ለካ ሁልጊዜ ጠዋት የሌላው ሰው ስክሪን ላይ ባክአፑ መጠናቀቁን የሚናገር መልእክት ሲወጣ፣ የእሳቸው ላይ አንድም ቀን አለመውጣቱን ልብ ብለውት ኖሯል።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ፣ ጋሼ?»

«ሥራህን የተጠራጠርኩ እንዳይመስልህ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

እንዲህ ሁለት ጨዋ ሰዎች ተከባብረን፣ እነዚያን አሮጊቶች ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርናቸው።