የወይዘሮ እማዋይሽ የሩዝ ድቡልቡል

ጎንደር ኖሮ የተመለሰ ሰው የማያስቸግረው ሰፈር የለም። ወረታ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ እማዋይሽ ነበሩ። አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ቤት ወጥ ሲሠሩ ኖረው ነው የመጡት። ላም ሲነፋት፣ ጣራ ሲያፈስ፣ ሰው ሲጣላ መፍትሔያቸው «ጎንደር ሳለሁ…» ብሎ ይጀምራል። ልቅሶ ቤት ሳይቀር አለቃቀስ አስተምረዋል። ጎረቤታቸው ታይቱ ያንን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች።

በ1955 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ፣ የቁሐር ሚካኤሉ ቄስ ወልደ ሥላሴ የታይቱን ልጅ ጽጌሬዳን ለልጃቸው ሊያጩ ቀን ቆረጡ። ቄሱ በትንሽ ነገር ይከፋሉ። ከዚያ በፊት ከአንድ ቤት ወጡ ከረረ ብለው፣ ከሌላው ሴቶቹ ሳቁ ብለው ተነሥተው ሄደዋል። ጽጌሬዳ ደግሞ ልጁን ወዳዋለች። ታይቱ ይህን ስለምታውቅ እንቅልፍ አጣች።

በቀጠሮው ቀን ዶሮ ወጡ ሊወጣ ሲል ወይዘሮ እማዋይሽ ከሱቅ የገዙትን ሩዝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከች አሉ። ዶሮ ማንም እንደሚያቀርብ፣ እሳቸው ግን አራንቺኒ የሚባል የጣሊያን ምግብ እንደሚሠሩ አስታወቁ። ታይቱ ዛሬን ይተዉኝ ብላ ለመነች። እሳቸው ምድጃውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ሩዙን ቀቅለው አበረዱት። መዳፋቸው ላይ ጠፍጥፈው የደቀቀ የበግ ሥጋና አይብ መሐሉ ከተቱ፤ አድቦልቡለው እንቁላል ውስጥ ነከሩት፣ በተወቀጠ ደረቅ ዳቦ ላይ አንከባለሉት። የመጀመሪያው የኑግ ዘይት ውስጥ ሲገባ ተበተነ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ደጅ ላይ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ።

ታይቱ ድስቱን አንሥታ ልትደፋው እጇን ስትዘረጋ፣ ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት።

«ዘይቱ አልጋለም፣ ታይቱዬ። እንጨት ጨምሪልኝ» አሉ ቀስ ብለው።

እርዳታ ሲጠይቁ ሰምታቸው አታውቅም። እንጨቱን ጨመረች። ሦስተኛው ሳይበተን ቀላ።

ማዕድ ሲቀርብ ቄሱ ከዶሮው ጥቂት ቀማምሰው ተዉት። የታይቱ ባል አያልነህ ላብ አጠመቀው። ቀጥሎ ድቡልቡሎቹ መጡ። ቄሱ አንዱን አንሥተው አገላበጡት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ወይዘሮ እማዋይሽ አፋቸውን ከፈቱ። ታይቱ ጥርሷን ነከሰች።

«ሩዝ ነው፣ አባ። ውስጡ አያልነህ ባርኮ ያረደው በግ አለበት» አሉ ሴትዮዋ፤ ስለ ጎንደር አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ቄሱ ገመጡት። ቅርፊቱ ኮሽ ሲል ቤቱ ሁሉ ሰማ። ብዙ ካኘኩ በኋላ ሌላ አነሡ።

«ማን ሠራው?»

«የእርስዎ ምራት ናት፤ ጽጌሬዳ» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ።

ጓዳ በር ላይ የቆመችው ጽጌሬዳ ደንግጣ አቀረቀረች፤ ቄሱ እንደ ጨዋነት ቆጠሩት። ቃሉ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ታሰረ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ታይቱ ወደ ጓዳ ገባች። ወይዘሮ እማዋይሽ የተበተነውን ሩዝ ከሰሐን እየለቀሙ ይበላሉ። የእጃቸው አንጓ ላይ ዘይት አቃጥሏቸው ውኃ ቋጥሯል፤ ለማንም አልተናገሩም። ታይቱ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ቁስሉንም ቅቤ ትቀባ ጀመር።

«እኔ ነኝ የሠራሁት ቢሉስ ምን ነበረበት?» አለቻቸው።

«ለእኔ ምን ይሠራልኛል? እኔን የሚያገባኝ የለ።»

ታይቱ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ቅቤው ካለቀ በኋላም እጃቸውን አልለቀቀችም።