«አይዞህ» የተባለው አሸናፊ

የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ሲተላለፍ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የተሸነፈ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሶፋ ላይ ያለ ሰው ሁሉን ያውቃል። የሞንጎሊያን ዋና ከተማ ያውቃል፣ የንብ እግር ስንት እንደሆነ ያውቃል። ተወዳዳሪው ትንሽ ከተንተባተበ ደግሞ «ይሄን ማነው እዚያ ያስቀመጠው?» ብሎ ይቆጣል። ያንኑ ቁጡ ሰው አንስታችሁ ካሜራ ፊት ብታስቀምጡት፣ የገዛ እናቱን ስም እንኳ ያለ አራት ምርጫ አይመልስላችሁም። ይህን የምለው በሌላ ሰው ለመሳቅ አይደለም። እኔ ራሴ አዳማ ከተማ ውስጥ ስመ ጥር የሶፋ ሊቅ ነበርኩ። እዚያው ሶፋዬ ላይ ብቀር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣብኝ።

ከድር እባላለሁ። ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ኮንቴይነር ያስመጡ ነጋዴዎችን ወረቀት ታቅፌ ከመስኮት ወደ መስኮት ስዞር እውላለሁ፤ ማታ አዳማ ቤቴ እገባለሁ። ባለቤቴ ራህማ የአቦምሳ ልጅ ናት። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። አንድ ቀን እንደ ልማዴ በተወዳዳሪው ላይ ስጮህ ሰምታ «ከቴሌቪዥን ጋር ከምትጨቃጨቅ ለምን ሄደህ አትወዳደርም?» አለችኝ። ተመዘገብኩ። ጠሩኝ። አዲስ አበባ ሄድኩ።

አሸነፍኩ።

አዎ፣ ከፍተኛውን ሽልማት! አንድ አዲስ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና፣ የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ ያልተነሳለት። ግን ዘልዬ ሳልጨርስ አንዲት ቀጭን ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ከሰዓት ነው። እስከዚያ ውጤቱን ለማንም እንዳልናገር መፈረም አለብኝ። ተናግሬ ከተገኘሁ መኪናው ይቀራል። «ለሚስቴስ?» አልኳት። «በተለይ ለሚስት» አለችኝ። ያላገባች መሆኗ ያስታውቅ ነበር። ፈረምኩ።

አሁን ፍረዱኝ፦ መኪና ያሸነፈ ሰው ምን ዓይነት ፊት ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው? ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ጥርሴ በራሱ ጊዜ ይገለጣል፣ እኔ እሸፍነዋለሁ፣ ተመልሶ ይገለጣል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ሞጆን ስናልፍ ለጥንቃቄ ብዬ ፊቴን ትንሽ ጨፈገግ አደረግሁት። ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ መጨፍገግ የሚባል ነገር እንደሌለ የገባኝ ቤቴ ደርሼ ራህማ በር ስትከፍት ነው። «እንዴት ሆነ?» አለች። «ሲተላለፍ ታዪዋለሽ» አልኳት። ፊቴን አየችው፣ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝና በጣም በቀስታ «አይዞህ» አለችኝ።

በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው አዳማ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ፣ በሰፈሩ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ የሚዳኝ ሽማግሌ። ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዘው መጡ። ሙዝ! ታምሜ የተኛሁ ይመስል! «ልጄ፣ አላህ የተሻለውን ያዘጋጅልህ» ብለው መረቁኝ። እኔም ምን ልበል፣ «አሚን» አልኩ። ከእሳቸው ቀጥለው ጋሼ በቀለ ገቡ። ጋሼ በቀለ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ውድድሩ ላይ ሲቸግረኝ የምደውልለት ሰው ብዬ ያስመዘገብኩት እሳቸውን ነበር። አልደወልኩላቸውም። አልቸገረኝማ! ግን ይህን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «ቀኑን ሙሉ ስልኬን ታቅፌ ዋልኩ» አሉኝ በቁጣ፣ «ሽንት ቤት እንኳ ይዤው ነው የገባሁት። አንድ ጊዜ ብትደውልልኝ ዛሬ ይህን ፊት ይዘህ አትቀመጥም ነበር።» አንገቴን ደፋሁ። መድፋቴ ደግሞ የሽንፈት ማረጋገጫ ሆኖ ተመዘገበ።

አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ለተሸነፈ ሰው ያለን ፍቅር ወሰን የለውም። ከዚያ በፊት ሰላምታዬን በአገጩ የሚመልስልኝ ባለ ሱቅ ያን ሳምንት ከመቀመጫው ተነስቶ ነው የጨበጠኝ። ሞጆ ያሉት የከባድ መኪና ሾፌሮች ብቻ ናቸው ያላዘኑልኝ፤ እነሱ «ፕሮፌሰር መጣ!» እያሉ ጥሩምባ ይነፉልኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከሁሉ የተሻለ የቻልኩት የእነሱን ነው። ሰው በሌለው ሐዘን ሲጽናና መዋል ምን ያህል እንደሚያደክም ያልደረሰበት አያውቀውም።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። መኪናው እየመጣ ነው፤ እኔ ግን መንጃ ፈቃድ የለኝም። ጋሪ እንኳ ነድቼ አላውቅም። ስለዚህ ከሥራ ቀደም ብዬ እየወጣሁ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሹፍርና መማር ጀመርኩ። ለራህማ «እስከ አስራ አንድ ሥራ ላይ ነበርኩ» እላታለሁ። አንድ ምስጢር ውሸት ሳይወልድ እንደማያድር ያኔ ነው የተረዳሁት። አስተማሪዬ ማርታ የምትባል ቀጭን ሴት ናት፤ ድምጿ ግን ቀጭን አይደለም። የሶደሬን መንገድ ይዘን ስንወጣ «ፍሬን! ፍሬን አልኩህ! ፍሪሲዮኑን ማን ልቀቅ አለህ?» እያለች ስትጮህ በመንገድ ዳር ያሉ አህዮች እንኳ ይቆሙ ነበር። ያ ሁሉ የፍሪሲዮን መከራ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም። ማን ነገረኝ?

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ማታ ራህማ እራት አቅርባ ራሷ ሳትበላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ትናንት ከሥራ ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«አስራ አንድ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሶደሬ መንገድ ከሴት ጋር መኪና ውስጥ የነበረው ማነው ታዲያ?»

ጓደኛዋ አይታናለች። የጓደኛዋ ዓይን ይገርመኛል፤ ማርታን አይታለች፣ የማርታን የጆሮ ጌጥ ሳይቀር አይታለች፣ መኪናው ጣሪያ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ ግን አላየችም! ልናገር አፌን ከፈትኩ። ስለ ማርታ ከተናገርኩ «መኪና ሳይኖርህ ለምን ትማራለህ?» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚደበቅ ነገር የለም። ዘጋሁት። «እሁድ ሲደርስ ይገባሻል» አልኳት።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ራህማ ብድግ አለች። «እሁድ? እሁድ ምን አለ? ኒካህ ልታስር ነው እንዴ?»

እኔ ሁለተኛ ሚስት! አንዷን ማስረዳት ያቃተኝ ሰውዬ! ምዬ ተገዘትኩ። «እንግዲያው ሴትየዋ ማናት?» አለችኝ። አሁንም «እሁድ» አልኳት። ሐሙስ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ አቦምሳ እናቷ ቤት ሄደች።

ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። የሷ ነጠላ ጫማ በር ላይ የለም። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ቴሌቪዥኑን እንኳ አልከፈትኩም። ለምን ነው መኪናውን የፈለግሁት? እሷን አጠገቤ አስቀምጬ ቡልቡላ ድረስ ልንሄድ፣ በዚያ መንገድ ያለውን ሐይቅ ልናይ፣ አይደል? እሷ ከሌለች ነጩ መኪና ለምኔ ነው? መኪናው ገደል ይግባ ብዬ ልነግራት ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። አስር ጊዜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። በመጨረሻ አማቴ አዴ ሐሊማ ጋ ደወልኩ። አነሱና ሰላምታዬን ሳይጨርሱ «ሽማግሌ ላክ» ብለው ዘጉት።

ሽማግሌ ማንን እልካለሁ? ያው ሐጂ ኑሩንና ጋሼ በቀለን። ነገሩን ሲሰሙ ሐጂ «በሽንፈቱ ላይ ሌላ ሽንፈት!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጠሮው ለእሁድ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ተያዘ።

እሁድ አቦምሳ ደረስን። «አካም ጅርቱ» ተባባልን፣ ተቀመጥን፣ ሐጂ ዱዓ አደረጉ። ራህማ ጓዳ ናት፤ ድምጿ አይሰማም። ሐጂ ንግግራቸውን ከትዳር ክብር ጀምረው ቀስ እያሉ ይጓዛሉ፤ እኔ ግን ሰዓቴን አያለሁ። ፕሮግራሙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ዘጠኝ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አላስቻለኝም።

«አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቴሌቪዥን ቢከፈት...»

አዴ ሐሊማ «ያ ረቢ! ሚስቱን ሊወስድ ነው የመጣው ወይስ ኳስ ሊያይ?» አሉ። ሐጂ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «አእምሮህ ደህና ነው?» አሉኝ። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጡኝ» አልኩ፣ «ከዚያ በኋላ ብትገርፉኝም አልጮህም።» ጋሼ በቀለ በሐዘኔታ «ተዉት፣ ሽንፈቱን ካላየ አይወጣለትም» ብለው ተነስተው ራሳቸው ከፈቱት።

ሙዚቃው ሲሰማ ራህማ ወጥታ የጓዳው በር ላይ ቆመች። እጇን አጣምራለች፤ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፣ እኔን አያይም። እኔ ስክሪኑ ውስጥ በላብ ተጠምቄ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሽማግሌዎቹ ሽምግልናቸውን ረሱ። ስድስተኛው ላይ ጋሼ በቀለ ቆመዋል። ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ፦ በሰው ልጅ አካል ውስጥ ከሁሉ ትንሿ አጥንት የምትገኘው የት ነው? አፍንጫ፣ ጣት፣ ጆሮ፣ ጉልበት።

«አፍንጫ!» አሉ አዴ ሐሊማ። «ጉልበት ነው! ይሄማ የስድስተኛ ክፍል ትምህርት ነው!» ብለው ጋሼ በቀለ ጮሁ። ስክሪኑ ውስጥ ያለሁት እኔ «ጆሮ» አልኩ። ጋሼ በቀለ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ጉድ ሆነ! ደውልልኝ ስለው!»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ወርቃማ ወረቀት ከላይ ዘነበ። ነጩ መኪና መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

ከዚያ አዴ ሐሊማ እልልታውን አቀለጡት። ጋሼ በቀለ ተቀመጡና «እኔም ጆሮ ልል ነበር» አሉ። ሐጂ ኑሩ ወደ እኔ ዞሩ። «መኪና አሸንፈህ ነው ሙዜን ተቀብለህ የበላኸው?» አሉኝ።

ራህማ ግን አልዘለለችም። «ሴትየዋስ?» አለች። «የመኪና አስተማሪዬ ናት» ብዬ የማሠልጠኛውን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ወረቀቱን አየችው፣ ስክሪኑን አየችው፣ ከዚያ እኔን። ደስ ይላታል ስል ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሶላቱ ዱዓ ሳደርግልህ ነበር፤ ልቡን ጠግንለት እያልኩ። አንተ አጠገቤ ሆነህ አሚን ትላለህ! ይህን ያህል መደበቅ የሚችል ሰው ሌላ ምን ደብቆኛል?»

ውሉን ብጠቅስ፣ ፊርማውን ብጠቅስ፣ ሐሙስ ዕለት አስር ጊዜ መደወሌን ብጠቅስ ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ደግሞ አይረባም። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ፈረዱ፦ ራህማ ወደ ቤቷ ትመለስ፤ ከድር ከዛሬ ጀምሮ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ምንም ነገር ከሚስቱ ላይደብቅ ይማል። ማልኩ። አብረን ተመለስን።

እንግዲህ መሐላ መሐላ ነው። መኪናው መጣ፣ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው መንጃ ፈቃዱን አገኘሁ፤ ይህንንም የወደቅሁበትን ምክንያት ጭምር በዝርዝር ነገርኳት። የመጨረሻውን ጥያቄ በዕውቀት እንዳልመለስኩትም ነገርኳት፤ በፍርሃት ጆሮዬ ጭው ሲልብኝ ነው ጆሮ ያልኩት። «እሱን እንኳ ባትነግረኝ ምን ነበር? ሊቅ አገባሁ ብዬ ለአቦምሳ በሙሉ አውርቼ!» አለችኝ። ግን ምያለሁ። ሞጆ ምሳ ምን እንደበላሁ፣ ማን እንደጋበዘኝ፣ የትኛው ኮንቴይነር በየትኛው ማኅተም ጉድለት እንደዘገየ፣ የአክስቷ ወጥ ጨው እንደበዛበት፣ የገዛችው መጋረጃ መጀመሪያ እንዳልወደድኩት፣ አሁንም እንዳልወደድኩት፣ ሁሉንም እነግራታለሁ። መኪናው ድምፅ ስለሌለው አንድም ቃል አያመልጣትም። ሐይቁን ልናይ ቡልቡላ ደርሰን ስንመለስ አፌን አልዘጋሁም። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ኑሩ ደወሉልኝ። እሁድ ከዙህር በኋላ ከጋሼ በቀለ ጋር ቤቴ እንደሚመጡ ነገሩኝ።

«ምነው ሐጂ፣ በሰላም ነው?»

«ራህማ ናት ሽማግሌ የላከችብህ» አሉ።

«ምን አጠፋሁ?» ብዬ ጮህኩ፣ «አላህን እልዎታለሁ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ነገር አልደበቅኳትም!»

ሐጂ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«እሱ ነው ክሱ» አሉኝ።