የዘይነባ እህት ከወሎ

አንዳንድ ቃል እንደ ክት ልብስ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና ለስብሰባ ቀን ብቻ ይወጣል። «ሰብአዊ» የሚባለውን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ጎረቤቷ ወጥ ስላቀመሰቻት «ሰብአዊ ነሽ» ያለች ሴት እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም። «እግዜር ይስጥሽ» ነው የምንባባለው። ቃሉ እኛ ሰፈር፣ የካ ሚካኤል ግድም፣ የደረሰው በድርቁ ጊዜ በቀበሌ በኩል ነው፤ እንደ ስኳሩና እንደ ሳሙናው ማለቴ ነው። ልዩነቱ ስኳሩ ተመጥኖ ነበር የሚሰጠን፤ ቃሉ ግን እስክንጠግብ።

አንድ እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ካድሬው ስለ ሰብአዊ ዕርዳታ ሲያስረዳን አረፈደ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለየሁ ሴት ነኝ፤ እንደገባኝ ከሆነ ሰው ሰውን ዘሩንና ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ሲረዳ ማለት ነው። አጨበጨብን። ዘይነባ ብቻ አላጨበጨበችም፤ አንቀላፍታ ነበር። ዘይነባ ማለት ከቤቴ ፊት ለፊት ከሰል የምትቸረችር፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚለበልብ ሴት ናት። ጎህ ሳይቀድ ከእንጦጦ ከሰል ከሚያወርዱት ጋር በዋጋ ስትጨቃጨቅ ስለምታነጋ፣ ስብሰባ ለእሷ የእንቅልፍ ሰዓቷ ነው።

ከአዳራሹ ስንወጣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከተራራው እየወረደ ነበር። በሩ አጠገብ ከወሎ የመጣች አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ልጁ ሲስል ደረቱ ያፏጫል።

«ለዛሬ ብቻ አሳድሩኝ» አለች።

ሊቀመንበራችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲቸግረው አገጩን ያካል። አከከ። የማይታወቅ ሰው በቀበሌው ማደር ክልክል ነው፣ በእንግድነት የሚመዘገበው ዘመድ ያለው ብቻ ነው፣ ዘመድ ከሌላት ነገ በመኪና ወደ መጣችበት መጠለያ ትመለሳለች አላት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ትልቁን ልጇን እዚያው መጠለያ ቀብራ መምጣቷን ብቻ ነገረችው።

ቅድም ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ነጠላውን ተከናንቦ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔም አየሁ። መሬቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«እህቴ ናት» አለች ዘይነባ።

ሊቀመንበሩ የሴትዮዋን ግንባር አየ። የመስቀል ንቅሳቷ ከሩቅ ይታያል። «አንቺ እስላም፣ እሷ ክርስቲያን። እንዴት ነው ነገሩ?»

«ወሎ ነና፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኛ ዘንድ አንድ እናት ሁለቱንም ትወልዳለች።»

ይህስ ሐሰት አይደለም፤ ወሎ ላይ ይሆናል። ችግሩ ዘይነባ ኮተቤ ተወልዳ ኮተቤ ያደገች፣ ወሎን በሬዲዮ ብቻ የምታውቅ መሆኗ ነው።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ ብዙነሽ፣ የሰፈሩን ሰው እስከ ሰባት ቤት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እውነት እህቷ ናት?»

በዚያ ዘመን ቀበሌን የዋሸ ሰው የት እንደሚያድር እናንተም ታውቃላችሁ። ደግሞ የማውቀውን ሳልናገር የዋልኩበት ቀን ስለሌለ አፌ ራሱ ግራ ገባው። ልጁ እንደገና ሳለ።

«በእናት ነው የሚገናኙት» አልኩ። «የማይመሳሰሉት የዚችኛዋ መልክ ወደ አባቷ ስለሄደ ነው።»

«እንግዲያው ይዘሻት ግቢ» አላት ዘይነባን። ማመኑን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ልጁ ዳነ። ለአንድ ሌሊት የመጣችው እናቱም ከሰል እየቸረቸረች ክረምቱን ከረመች። መስከረም ሲጠባ ታዲያ ሁለቱ በመስፈሪያ ጣሳ ተጣሉላችሁ። ዘይነባ «አትከምሪው፣ ልታከስሪኝ ነው» ትላለች፤ ያቺኛዋም ምላሷ ለካ ከዘይነባ አያንስም፣ «ከሰል የሚሰስት ሰው ዛሬ አየሁ» ትላለች። ከዚያ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኮራርፈው፣ ገና አፉን ባልፈታው ልጅ በኩል መነጋገር ጀመሩ። «እናትህን ውሃ ቅጂ በላት።» «አክስትህን ራሷ ትቅዳ በላት።»

ሊቀመንበሩ ሊያስታርቃቸው ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ላቡን እየጠረገ ደጃፌ ላይ ቆም አለ።

«እትዬ ብዙነሽ» አለኝ፣ «እስከ ዛሬ ተጠራጥሬዎት ነበር። እውነትም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።»