የጀልዴሳው አውራ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የንብ አውራ ወንድ ነው ሴት? አትቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ከባቡር ወርክሾፕ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ስር አንድ የሳጥን ቀፎ አለኝ። በቅርቡ የንቦቹ ጠባይ ተበላሸ። ባለቤቴ ዘነበች ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ሁለቴ ነደፏት። ለሦስተኛ ጊዜ ከነደፏት ቀፎውም እኔም አብረን እንደምንወጣ በእርጋታ ነገረችኝ። ያስፈራኝ እርጋታዋ ነው።

ሰናይት የምትባል ወጣት የንብ ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ። ቀፎውን ከፍታ አየችና ንግሥቲቱ ሞታለች፣ ሌላ ካልገባች ንቦቹ ያልቃሉ አለችኝ። ታዲያ ዝም ብሎ ማስገባት የለም። አዲሷ ትንሽ የሽቦ ቤት ውስጥ ሆና ሦስት ቀን ትቀመጣለች፤ ጠረኗን ሲለምዱ ትለቀቃለች። አለበለዚያ ይገድሏታል። እኔ ዘነበችን ሳገባ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅንም።

ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው ጀልዴሳ ወረድኩ፤ ንብ የሚያረባ አብዲ የሚባል የድሮ ወዳጅ አለኝ። አንድ አውራ ስጠኝ አልኩት። እኛ ቤት የንብ አለቃ ስሙ አውራ ነው። አብዲ ግን አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ የሚያውቀው አውራ ዶሮን ነው። ትንሽ አየኝና ወፍራም፣ ዓይነ ትልቅ ንብ በክብሪት ቀፎ አድርጎ ሰጠኝ።

አመጣሁና በሽቦ ቤቱ አድርጌ አስገባሁት። ንቦቹ ምንም አላሉ። እንዲያውም በሽቦው ቀዳዳ አበሉት። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በሦስተኛው ቀን ፎቶ አንስቼ ለሰናይት በቴሌግራም ላክሁላት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወንድ ነው» ብላ መለሰች።

አብዲ ጋ ደወልኩ።

«አቦ፣ አውራ አልክ፣ አውራ ሰጠሁህ። እናትየዋን አትልም ነበር?»

ወንድ ንብ ምን እንደሚያደርግልኝ እሱም ግራ ገብቶት ነበር። ግን ጡረታ የወጣን ሰው ብዙ መጠየቅ ደስ አላለውም።

በማግስቱ እናትየዋን ራሱ ይዞ መጣ። ወንዱን ለቅቀን እሷን አስገባን። ለምንም የማይሆነውን ሲያበሉ የነበሩት ንቦች እናትየዋን ሊበሏት ተነሱ! ከበው ሽቦውን ይነክሳሉ። አብዲ ወላሂ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም አለ። እኔ ዘነበችን በመስኮት አየኋትና በልቤ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ስደውልላት ሰናይት እየሮጠች መጣች። ንቦቹ እንጀራቸውን የሚሠሩባቸውን የእንጨት ፍሬሞች አንድ በአንድ አውጥታ ፈተሸች። በመጨረሻው ፍሬም ላይ አንዲት ቀጭን ንግሥት ዘና ብላ ትሄዳለች። ለካ ሟቿ ጥላው ከሄደችው እንቁላል ንቦቹ ራሳቸው አሳድገዋታል፤ እኛ ላይ ታች ስንል እነሱ ጨርሰዋል። በመጀመሪያውም ቀን እዚያው እያደገች ነበር፤ እኛ ልብ አላልንም። ሁለት ንግሥት ደግሞ አይቀበሉም። አብዲ የሱን በክብሪት ቀፎው መልሶ ኪሱ ከተተ። ሰናይት ንቦቹ ከእንግዲህ እንደሚረጉ ስትነግራት ዘነበችም እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ሰጠችኝ።

ሰናይት የቀፎውን ክዳን ጠረጴዛ አድርጋ ለመሥሪያ ቤቷ የሚሰጥ ቅጽ ሞላች። «አዲስ ንግሥት የማስገባቱ ሥራ በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል» ይላል። የቱ ሥራ? ማን ያስገባት? ልጠይቃት አፌን ስከፍት አብዲ በክርኑ ጎሸመኝ።

«ፈርም አቦ» አለኝ።

ፈረምኩ።