ወይዘሮ ዶክተር እና ቡናማዋ መስመር

ወይዘሮ ዶክተር ኢርምጋርድ ቴትስነር ማረፋቸውን የሰማሁት ለማርማላታ የሚሆን ፕሪም ዘሩን እያወጣሁ ሳለ ነው። የደወሉት እህታቸው ናቸው። እጄ ጭማቂ በጭማቂ ስለነበር ስልኩን በክርኔ ተጫንኩት። ሰምቼ ስጨርስ የቀረውን ፕሪም ሠራሁ።

ሰውም ሆነ ዕቃ አንድ ሥራ ብቻ አለው ቢሉት የማያምን ሰው ከየትኛውም መሥሪያ ቤት አይጠፋም። ድሬስደን ባለው ቤተ ሙከራችን ይህን ሹመት የያዙት እሳቸው ነበሩ። አዲሱ አለቃችን እጃቸውን ዘርግተው "የክፍሉ ኃላፊ ነኝ" ሲሏቸው፣ "መልካም። ሌላስ ምን ይሠራሉ?" አሏቸው። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራውንም ይህንኑ ጠየቁት፤ እስካሁን እያሰበ ነው ይባላል። የልደታቸውን ኬክ ያመጡበት የብረት መጋገሪያም ተመልሶ ቤቱ አልገባም። የቤተ ሙከራውን በር ደግፎ እንዲኖር ተመደበ።

ከዚያ ተራው የአንድ ፕሮቲን ሆነ። ሥራው የታወቀ ነው፤ ሰው ሲቆስል ደሙ እንዲረጋ ያደርጋል። እሳቸው ግን የልብ ጡንቻ በስሱ ቆርጠው፣ ፕሮቲኑን ቡናማ በሚያደርግ ቀለም ነክረው በማይክሮስኮፕ ቢያዩ፣ ሕዋስ ከሕዋስ ጫፍ ለጫፍ በሚገናኝበት ቦታ ቡናማ መስመር አገኙ።

"እዚህ ምን የሚረጋ ደም አለ፣ አቶ ኖይበርት? ይሄ ሕዋሶቹን አያይዞ ነው የቆመው።"

"ቀለም ጠርዝ ይወዳል፣ ወይዘሮ ዶክተር። በደንብ አላጠቡትም" አልኳቸው።

"እኔን ነው? እርስዎ ኩባያዎን መቼ አጥበው ያውቃሉ?"

ጎን ለጎን ተቀምጠን ያረጀነው "እርስዎ" እየተባባልን ነው። በእኛ ዘንድ "አንተ፣ አንቺ እንባባል" ብሎ፣ ወይን አቅርቦ መጋበዝ የታላቅ ድርሻ ነው፤ ታላቋ ደግሞ እሳቸው።

"መስመሯ ቆሻሻ እንዳልሆነች ያመኑ ዕለት 'አንተ' እልዎታለሁ። ወይኑንም እኔ አመጣለሁ" አሉኝ።

"ቆሻሻ ከሆነችስ?"

"'እርስዎ' እንደተባሉ ይሞታሉ።"

መፈተኛው ቀላል ነበር። ይህ ፕሮቲን እምብዛም የሌላት አይጥ ልብ ተቆርጦ ይታያል፤ የሕዋሶቹ መጋጠሚያ ሳስቶ ከተገኘ እሳቸው ረቱ። የአይጧን ልብ ለመቁረጥ እንዲጠነክር በሰም ውስጥ አድርገው፣ "ከዕረፍት ስመለስ አብረን እንቆርጠዋለን። ብቻዎን እንዳይነኩት፤ ያጠፉታል" ብለውኝ ሄዱ።

ያንን ቀን እጠብቅ ነበር። እንዲረቱኝ ነበር የምጠብቀው።

መጋገሪያው በሩን ደግፎ ይዟል። ኩባያዬን አጥቤያለሁ። ልቡ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ እስካሁን አልተቆረጠም።