ደቂቃ አሥራ አራት ላይ ስልኩን የሚያስደፋው ማነው?

ወገን፣ ዛሬ ጎባ ላይ የሆንኩትን ብነግራችሁ «አጋነንሽ» ትሉኛላችሁ። አላጋነንኩም። ሠላሳ ሰው ምስክር አለ!

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ሥራዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ እኔ አፕ ዲዛይን ነው የማደርገው። አሁን የያዝነው ለቲቪ ፊልም አጋዥ የሚሆን አፕ ነው። ስለ ባሌ ተራሮች የተሠራ ዶክመንተሪ አለ፤ ሰው እሱን ቲቪ ላይ ሲያይ ስልኩን በእጁ ይይዛል። ስልኩ የቲቪውን ድምፅ እየሰማ ፊልሙ የት እንደደረሰ ያውቃል። ቀይ ቀበሮዋ ብቅ ስትል ስልኩ ላይ «ስንት ግልገል ያላት ይመስልዎታል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ገባችሁ አይደል?

(እናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም። «ታዲያ ቲቪውን ማን ያየዋል?» ትለኛለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንለፈው።)

ቢሮአችን ሮቤ ነው። ቢሮ ስላችሁ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ እና ቶፊቅ ማለት ነው።

ቶፊቅ ኮዱን ይጽፋል፣ እኔ ዲዛይኑን እሠራለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብረን ነን። እሱ ከሌለ አፑ የለም። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ ከሥራ ውጭም ከእሱ በላይ የምቀርበው ሰው የለኝም።

ይሄን ሰው ነው እንግዲህ ዛሬ በሰው ፊት ያዋረድኩት!

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ፊልሙን በፍላሽ፣ አፑን በስልካቸው አድርገን ሮቤ ውስጥ ለስምንት ቤተሰብ ሰጠን። ቤታቸው ቁጭ ብለው እያዩ ይሞክሩታል፣ አፑ ደግሞ የሚያደርጉትን ይመዘግባል። መቼ ነኩት፣ መቼ ተዉት፣ መቼ ስክሪኑን ወደ ታች አድርገው በፊቱ ደፉት።

(አዎ፣ አስፈቅደናል። እንደዚያ አትዩኝ።)

መዝገቡን ከፈትኩት። እስከ ደቂቃ አሥራ ሦስት ድረስ ሰላም ነው። ደቂቃ አሥራ አራት ላይ...

በስምንቱም ቤት ስልኩ ሁሉ ተደፋ!

አንድ ቤት ቢሆን «ሻይ ፈሶባቸው ይሆናል» እላለሁ። ሁለት ቤት ቢሆን «እንግዳ መጥቶባቸው ይሆናል» እላለሁ። ስምንት ቤት፣ በተለያየ ሰፈር፣ በተለያየ ቀን፣ እዚያችው ሴኮንድ ላይ? ጥቂት ቆይተው ደግሞ ሁሉም መልሰው ያነሱታል። ይሄ ጤነኛ ነገር ነው?

ደቂቃ አሥራ አራት ላይ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። የእኔ ጌም!

«ፍልፈሉን ያዝ» ይባላል። ሳነቴ ላይ ያለውን ግዙፉን ፍልፈል ታውቁታላችሁ፤ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ እልም የሚለውን። ስልኩ ላይ ጉድጓዶች ይመጣሉ፤ ቀይ ቀበሮዋ ሳትቀድማችሁ በሁለት አውራ ጣት ቶሎ ቶሎ መንካት ነው። ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ። ጥርሱን ብቻ ሁለት ቀን ነው የሳልኩት!

ይሄን ጌም ከመጀመሪያው ያልወደደው ማነው?

ቶፊቅ።

«ቤቲ፣ ሰው ቲቪ እያየ በሁለት እጁ ጌም አይጫወትም» ብሎኝ ነበር። ይኸው መዝገቡም እሱ እንዳለው ሆነ። ከልክ በላይ እሱ እንዳለው ሆነ።

ከዚያ ነገር መገጣጠም ጀመርኩ። ከስምንቱ ቤተሰብ አምስቱን ያመጣው ማነው? ቶፊቅ። ስልክ ሲደወልለት ውጭ ወጥቶ የሚያወራውስ? ቶፊቅ። (ቢሮ ውስጥ ኔትወርክ የለም። እኔም ውጭ ወጥቼ ነው የማወራው። ያን ጊዜ ግን ይሄ አልታየኝም።) ከሞካሪዎቹ ጋር በኦሮምኛ እየተሳሳቀ ሲያወራ ሰምቼ፣ ቋንቋውን እንደማይሰማ እንግዳ ጆሮዬን አቆምኩ። እኔ እኮ ሮቤ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ! የምጣላው ራሱ በኦሮምኛ ነው!

ሐሙስ ዕለት ተከተልኩት። በባጃጅ!

የባጃጁ ሾፌር «እህቴ፣ ባልሽ ነው?» አለኝ። «የሥራ ባልደረባዬ ነው» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ እንዳላመነኝ ያስታውቃል። ቶፊቅ ከሞካሪዎቹ ወደ አንዱ ቤት ገባ። ሳቅ ተሰማ። ከዚያ በፌስታል የሆነ ነገር ይዞ ወጣ።

ጉቦ!

በማግስቱ ፌስታሉን ቢሮ ይዞት መጣ። ድንች ነው። በሙከራው ሰሞን ፍላሹ ቲቪያቸው ላይ እምቢ ብሏቸው አስተካክሎላቸው ስለነበር ነው የሰጡት። ግማሹን ለእኔ አካፈለኝ። «እናትሽ የደጋ ድንች ትወዳለች ብዬ ነው» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? በልቤ «አፍ ማዘጊያ ድንች!» አልኩ። ቤት ወስጄ ግን በላሁት።

ጥርጣሬዬን ያረጋገጠልኝ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የጻፈልኝ ነው።

«ቤቲ፣ አሥራ አራተኛዋን ደቂቃ ባዶ እንተዋት። ፊልሙን ከነድምፁ እዪው፣ ይገባሻል።»

ከነድምፁ እዪው?! እኔ ፊልሙን ሃምሳ ጊዜ አይቼዋለሁ!

...እሺ። ድምፁን ዘግቼ። የራሴን ዘፈን በኢርፎን እየሰማሁ። ለዲዛይን የሚያስፈልገኝ ምስሉ ነው ብዬ። የፊልሙ ሰዎች የላኩልን ዝርዝር ደቂቃ አሥራ አራት ላይ «የሳነቴ ሜዳ ከሩቅ፤ ሽማግሌ ይናገራሉ» ይላል። ሽማግሌው ራሳቸው አይታዩም፤ የሚታየው ሜዳው ነው። ንግግር ሰው ይሰለቸዋል፣ እዚህ ጋ ጌም ይግባበት አልኩ።

እንደ ባለሙያ!

ሞካሪዎቹ ጋ ደውዬ «ለምን ደፋችሁት?» ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። ግን ቶፊቅ መክሯቸው ከሆነ እውነቱን አይነግሩኝም ብዬ ተውኩት። ቶፊቅን ራሱንስ? እሱማ እንዴት ተደርጎ! ስጠረጥር አልጠይቅም፣ ወገን። እከታተላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ትልቁ ሙከራ ነበር፤ ጎባ። አንድ አዳራሽ፣ ትልቅ ቲቪ፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው። አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለ፣ የቢሮ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ አለ፣ ፊት ወንበር ላይ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ወይዘሮ ሰብለም ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ዛሬ አይተው ከወደዱት አፑ ከፊልሙ ጋር ይሄዳል።

የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ ቶፊቅን እይዘዋለሁ!

ዕቅዴ እንዲህ ነበር። ለሰዎቹ «አሁን ድፉት» ብሎ መልእክት የሚልክ ከሆነ የሚልከው በስልኩ ነው። ስልኩን ከወሰድኩበት አይልክም። ካልላከ ማንም አይደፋም። ማንም ካልደፋ ደግሞ ጉዱ ወጣ! መርማሪ ፖሊስ ሳልሆን በመቅረቴ አገር ምን ያህል እንደተጎዳ አሰብኩ።

ፊልሙ ሳይጀመር ማይክ ያዝኩ። ማይክ፣ ወገን!

«ይሄን ሙከራ ከውስጥ የሚያበላሽ ሰው አለ የሚል ጥርጣሬ አለኝ» አልኩ። «ስለዚህ ቶፊቅ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ ይቀመጥ።»



ወይዘሮ ሰብለ ቶፊቅን አዩት። ሠላሳ ሰው ቶፊቅን አየው። ቶፊቅ ደግሞ የጎባ ልጅ ነው፤ ግማሹ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ፊቱ ልውጥ አለ። ተነስቶ መጣና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ፓስወርዱንም ልንገርሽ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«አያስፈልግም» አልኩት። በኩራት! አሁን ሳስበው ያኔውኑ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። የእሱን ስልክ ጭኔ ላይ፣ የራሴን እጄ ላይ አድርጌ ዓይኔን ከቶፊቅ አልነቀልኩም። ቀይ ቀበሮ የለ፣ የደጋ አጋዘን የለ፤ እኔ የማየው ዶክመንተሪ ቶፊቅ ነው። ጭንቅላቱን አከከ። ምልክት ይሆን? ሳል አለ። ለማን ነው የሳለው? ወደ ነርሷ ዞር አለ። አሃ! ነርሷ አዛጋች።

አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት።

አሥራ አራት።

ቲቪው ላይ የሳነቴ ሜዳ መጣ። ጭጋግ፣ ጅብራ፣ ከሩቅ አንዲት ቀበሮ። በሰው ሁሉ ስልክ ላይ ፍልፈሎቼ ብቅ ብቅ አሉ።

ከድምፅ ማጉያው ደግሞ ጎርነን ያለ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ።

«ረቢ ሮባ ፊ ነጋ ኑ ሃ ኬኑ!»

ፈጣሪ ዝናብና ሰላም ይስጠን ማለታቸው ነው። ምርቃት! ሃምሳ ጊዜ ድምፁን ዘግቼ ያየሁት ምርቃት ነው!

ሠላሳ ሰው ስልኩን ጭኑ ላይ ደፍቶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አሚን!»

ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን። ነርሷ ዘርግታለች። የሒሳብ አስተማሪው ዘርግቷል። ወይዘሮ ሰብለ ከነአምባራቸው ዘርግተዋል። ቶፊቅም ዘርግቷል።

ሽማግሌው ቀጠሉ። ከብቱ ይርባ፣ ልጁ ይደግ፣ ሜዳው ይለምልም። አሚን! አሚን! ፍልፈሎቼ በተደፋው ስልክ ሥር፣ በጨለማ፣ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። የሚነካቸው የለም።

እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲመርቅ መዳፍ ተዘርግቶ ነው የሚቀበሉት። በቲቪም ይሁን በሬዲዮ፣ ምርቃት ምርቃት ነው። ይሄን የማያውቅ የባሌ ልጅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ማወቅ ብቻም አይደለም...

ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ኳ አለ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ የቶፊቅ ስልክ ነው፤ ከጭኔ ወድቆ። የእኔም ስልክ አጠገቡ በፊቱ ተደፍቷል።

እጆቼስ?

ሁለቱም ተዘርግተዋል! መዳፌ ወደ ላይ! «አሜን» ያልኩበት አፌ ገና አልተዘጋም። ማን አዘዘኝ? ማንም!

ወይዘሮ ሰብለ ዞር አሉ። እጄን አዩት። ወለሉን አዩት።

«ቤቲ፣ አንቺንም ቶፊቅ ነው ያስደፋሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ሐጂ ከድር ግን አልሳቁም። «ኢንተሎ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ሽማግሌ ሲመርቅ ይሄን በየትኛው እጅሽ ነው የምትነኪው?» ስልካቸውን አነሱና አሳዩኝ። «ደግሞ ዜሮ ብሎኛል። አሚን ስላልኩ ነው ዜሮ የሰጠሽኝ?»

ልብ በሉልኝ። አፑ ምርቃት ለተቀበለ ሰው ዜሮ ይሰጣል! የእኔ ዲዛይን!

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ወይዘሮ ሰብለ ነገሩን በአምስት ደቂቃ ጨረሱት። አፑ ከፊልሙ ጋር ይሄዳል። ጌሙ ይቀራል። አሥራ አራተኛዋ ደቂቃ ላይ ስልኩ ምንም እንዳያሳይ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ።

«ቶፊቅ ሐሳቡን አቅርቦ ነበር» አልኩ። ማይክ ሳልይዝ፣ በቀጭን ድምፅ።

ቶፊቅ ስልኩን ከወለሉ እያነሳ ነበር። ስክሪኑ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

አፑ ቢያልፍም እኔ አንድም ደስታ አልተሰማኝም። ሮጬ መናኸሪያ ደረስኩበት። የሮቤ ሚኒባስ ላይ የቀረው ቦታ የእሱ አጠገብ ብቻ ነው። ተቀመጥኩ።

ከጎባ ሮቤ አጭር መንገድ ነው። ዛሬ ግን አላልቅ አለኝ። እሱ በመስኮት የስንዴ ማሳ ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ።

መሃል መንገድ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቶፊቅ፣ ይቅርታ» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ።

«ስትጠረጥሪኝ በማይክ ነበር፤ ይቅርታውን ታንሾካሽኪያለሽ?»

ቀጥሎ ያለኝ ነው አንጀቴን የበላው። «አዳራሹ ውስጥ የአባቴ ጓደኞች ነበሩ፣ ቤቲ። አባቴ ደውሎ ‹ምን አጠፋህ?› ሲለኝ ምን ልበለው?»

ሮቤ ስንደርስ ወርዶ ሄደ። ሰኞ ቢሮ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ከእሱ ሌላ ማንም ተቀምጦበት የማያውቀውን ወንበር ሳስበው አለቀስኩ፤ አልዋሻችሁም።

ስለዚህ ይኸው ማይኩ። ጎባ ያላችሁ፣ ሮቤ ያላችሁ፣ የቶፊቅን አባት የምታውቁ ሁሉ ሼር አድርጉልኝ።

ቶፊቅ ምንም አላጠፋም። እሱ ልክ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥርጣሬን እንደ ማስረጃ ቆጥሬ የቅርብ ጓደኛዬን በሰው ፊት ከሰስኩት።

ኤዲት፦ አይቶታል! ኦንላይን ነው። ላይክ ግን የለም። «እየጻፈ ነው» ይልና ይጠፋል። ደግሞ ይልና ይጠፋል። ተናዶ ይሆን? ለአባቱ እያነበበላቸው ይሆን? ስክሪንሾት አንስቼ ለአንዷ ጓደኛዬ ልልክና «ይሄ ዝምታ ምን ማለት ነው?» ልላት ነበር።

ተውኩት። አንድ ጊዜ እንኳ እሱን ራሱን ልጠይቀው።

ደወልኩ። እየጠራ ነው።

«ሄሎ» ሲለኝ ምን ብዬ ልጀምር?