በባዝራ ወተት የዳነው ጆልቹ

[ኦሽ ከተማ፣ ለስላሳ የመስከረም ፀሐይ። ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ባለው አሮጌ አግዳሚ ላይ ሁለት የልጅነት ወዳጆች ተቀምጠዋል። በጉርምስናቸው ዘመን ባንድ መርፌ ተወግተው፣ ኤች አይ ቪንና የጉበቱን ቫይረስ እንደ ወንድማማች ተካፍለዋል። ጆልቹ የሙቀቱን ወራት ከመንጋ ጋር ተራራ ላይ ከርሞ ትናንት መውረዱ ነው።]

ቲናር፦ ምን አልኩ? ጉንጭህ ቀልቷል ነው ያልኩት።

ጆልቹ፦ አፍንጫህም ጭምር ብለሃል!

ቲናር፦ አፍንጫህም ቀልቷላ።

ጆልቹ፦ ጤና ነው፣ ጤና! አንተማ እዚህ አቧራ ስትቅም ከርመህ፣ ጤና ፊትህ ቢቆም አታውቀውም። ቮድካ፣ እርም! ሲጋራ፣ እርም! ከፀሐይ ጋር እነሣለሁ፤ ዳገት እወጣለሁ።

ቲናር፦ ዳገቱ ወዴት ነው?

ጆልቹ፦ ጎረቤት ድንኳን።

ቲናር፦ ምን ልታደርግ?

ጆልቹ፦ ኩሚስ ልጠጣ ነዋ! የነሱ የባዝራ ወተት ከኛው ይበልጥ ተብላልቶ የኮመጠጠ ነው። ጉበትን እጥብ ነው የሚያደርገው። ሰው ቤት ገብተህ ደግሞ ዋንጫ መመለስ ነውር ነው። ቀጥሎ ያለው ድንኳን እንዳይቀየመኝ እሱም ዘንድ ጎራ እላለሁ።

ቲናር፦ እኔን ግን ራሴን ያዞረኛል።

ጆልቹ፦ በሽታው ሲወጣ ነዋ!

ቲናር፦ እንዲህ ከሆነማ፣ በቮድካው ዘመን የኔ በሽታ በየማታው ነበር የሚወጣው።

ጆልቹ፦ [ተቆጥቶ] አንተ ሰውዬ፣ ወተት ነው እኮ!

ቲናር፦ እሺ፣ እሺ። ክኒኑስ?

ጆልቹ፦ የቱ ክኒን?

ቲናር፦ የኤች አይ ቪው። በየቀኑ የምንውጠው።

ጆልቹ፦ እሱን ቤት ትቼው ነው የወጣሁት። ከኩሚስ ጋር ሆድ ውስጥ ይጣላሉ።

ቲናር፦ ማን አሸነፈ?

ጆልቹ፦ እንዴት ማን አሸነፈ? ጤነኛ ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል!

ቲናር፦ [አሰብ አድርጎ] እውነትህን ነው። አንተ ድሮም አዋቂ ነህ። በቃ፣ እኔም እንዳንተ ልኑር። [ከኪሱ የክኒን ብልቃጥ አውጥቶ አጠገቡ ካለው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ይጥላል።]

ጆልቹ፦ [ዘሎ ይነሣል] አብደሃል እንዴ?!

ቲናር፦ ምነው?

ጆልቹ፦ [እስከ ትከሻው በርሜሉ ውስጥ ገብቶ] አንተ ደንቆሮ! ካቋረጥከው ቫይረሱ ይነሣብሃል! ያን ጊዜ ጉበትህም አይተርፍም! ጓደኛችን ባኪት በምን ሞተ? አቋርጦ አይደለም? ልጆችህን ማን ያሳድግልሃል?

ቲናር፦ ኩሚስስ?

ጆልቹ፦ ኩሚስ ምን አባቱ ሊያደርግልህ! [ብልቃጡን አውጥቶ በሸሚዙ እየጠረገ] እንካ፣ ያዝ! በእናትህ፣ ኪስህ ክተተው።

ቲናር፦ እኔ የራሴን ጠዋት ውጫለሁ።

ጆልቹ፦ ታዲያ ይሄ የማን ነው?

ቲናር፦ ያንተ ነዋ። ሚስትህ አይጃን ናት የሰጠችኝ፤ «እኔ ብለምነው እምቢ አለኝ፣ አንተን ቢሰማህ» ብላ፣ እያለቀሰች።

[ጆልቹ ብልቃጡን እንደ ጨበጠ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።]

ጆልቹ፦ አሁኑኑ ልዋጠው?

ቲናር፦ ቆይ፣ ይህን ያህል ጊዜ አቋርጠህማ መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቃት። ግባና አሁን የጮህክብኝን እንዳለ ድገምላት።

ጆልቹ፦ ኩሚሱንም ልንገራት?

ቲናር፦ እሱን ለመንገርስ አትድከም። ትንፋሽህ ቀድሞህ ገብቷል።